ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ካልተነሱ አባባ አይነሳም

ይድረስ በሰው አገር ሩዝ እየበላች ለምትማረው ለታላቅ እህቴ ለጵርስቅላ ኤጀታ፤ ፑኔ፣ ሕንድ።

እኔ ታናሽ እህትሽ ሳምራ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን ጥፋቴን አምኜ እናዘዛለሁ፤ የወለደንን አባታችንን አቶ ኤጀታን ወስጄ ኮምፒውተር ውስጥ ነጥብ አድርጌዋለሁ። ቢጫ ነጥብ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ግን ስለ ነጥቡ አይደለም፤ ለወንድማችን ለባሮክ "ማንም እንዳይነካው" ብለሽ የላክሽውን ፍላሽ ሳላስፈቅድ ስለከፈትኩ ነው። ስለ ነጥቡማ አልጸጸትም፤ ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ካነበብሽ ይገባሻል።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። እማዬ ሰላምታ ሳይቀድመው ወሬ የጀመረ ደብዳቤ ጨው የሌለው ወጥ ነው ትላለች። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ በስልክ የነገርሽን የሆድ ቁርጠት ለቀቀሽ? ሙቀቱስ በረደ ወይስ አሁንም ውሃ የተነከረ ፎጣ አንገትሽ ላይ ጥለሽ ነው የምታጠኚው? ትበያለሽ? ትተኛለሽ? እማዬ "ከስታ ይሆናል" እያለች የላከችልሽን ሽሮ ስትመዝን አይቻታለሁ፤ አንቺን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ዶርሙን ለማወፈር ያሰበች ነው የምትመስለው። ሽሮውንም ይህንን ደብዳቤም የሚያመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ቅዱስ ነው። በኢሜይል ያልላክሁልሽ ሲግናል ሰፈር ያለው ኢንተርኔት አንድ ገጽ እስኪከፍት ሰው ስለሚያረጅ ነው።

እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ እንጦጦ ላይ ደመና ሲቋጠር ከሬዲዮው ቀድሞ ዝናብ ይናገራል። ባሮክ ደህና ነው፤ ሲግናል ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱም ደህና ናት፣ መብራት ባለበት ቀን። በፈረቃ ከሆነ ወዲህ አንድ ቀን ማመልከቻ ይጽፋል፣ በማግስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ታክሲ ይቆጥራል። አባባም ደህና ነው። አሁንም መንዳት ያስተምራል፣ አሁንም ቤት ውስጥ ጠንከር ብዬ ከተናገርኩ "ፍሬን ያዢ" ይለኛል፣ አሁንም እራት ላይ ሲጸልይ ወጡ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። በግንቦት የደወልሽ ቀን የተባለውን ታስታውሻለሽ። ፕሮፌሰርሽ ለቅሶ ቤት ሰው መቼ እንደሚነሳ በኮምፒውተር የምትሠሪውን የድንኳኑን ጥናት የሚቀበሉት እድራችን "መጥታ ከኮምፒውተሯ ጋር ታመሳክር" ብሎ እስከ ሰኔ መጨረሻ ከፈቀደ ብቻ እንደሆነ፣ ካልሆነ ርዕስ ቀይረሽ አንድ ዓመት እንደገና ከመጀመሪያው እንደምትጀምሪ ስትነግሪው፣ አባባ "እናያለን" አለሽ። በአባባ ቋንቋ "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ እኔም አንቺም ብስክሌት ስንለምን ተምረነዋል። ስልኩን እንደዘጋ ተነሳ። "ሶሺዮሎጂ ተማሪ ብዬ ላክኋት እንጂ ጌም ተጫወቺ ብዬ ላክኋት? የሰው ሐዘን መጫወቻ ነው? ሰው ነጥብ አይደለም። ስለ ሰው ማወቅ የፈለገ ሄዶ ሰው ይጠይቅ" አለ። እማዬ "እስቲ ጋሽ ወልደ ኢየሱስን አማክራቸው፣ የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው" ብትለው፣ "እኔ ምክትላቸው ሆኜ የገዛ ልጄን ጉዳይ ይዤ ልሂድ?" አላት። እሷ ራሷ ሄዳ ጋሽ ወልደ ኢየሱስን ብትጠይቃቸው ደግሞ፣ "አባቷ ያላመነበትን እኔ ምን ብዬ እፈቅዳለሁ?" አሉ። አንቺ ፑኔ ላይ ቀን ትቆጥሪያለሽ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚህ ወሰን ሰፈር ኳሷን ይቀባበላሉ።

እኔም አሰብኩ። "ሰው ይጠይቅ" አይደል ያለው? እሺ፣ ጠየቅኩ። ለሥነ ዜጋ ትምህርት የቤት ሥራ ነው አልኩ፤ ለዚህም ይቅር በይኝ። መጀመሪያ ራሱን አባባን፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ መቼ እንደሚነሳ ጠየቅኩት። "እኔ ተጣብቄ መቅረት አልወድም፣ ተማሪዎች ይጠብቁኛል። ግን ዳኛው ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ሳይነሱ እኔ ጴንጤው ብነሳ ምን ይባላል? 'እነሱ ለቅሶ አያውቁም' ነው የሚባለው። ስለዚህ እሳቸውን እጠብቃለሁ" አለ። ቀጥዬ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ዘንድ ሄድኩ። "ልጄ፣ እኔማ ወገቤ ስለማይችል ቶሎ ብሄድ እወዳለሁ። ነገር ግን አቶ ኤጀታ የቸርች ሽማግሌ ናቸው፣ በመካከላችን እንደ እንግዳ ናቸው። እሳቸውን ቁጭ አድርጌ ብነሳ 'በሃይማኖት ለያቸው' አይባልም? እሳቸው ይነሱ ብዬ እታገሣለሁ" አሉኝ። ሌላውን ሰው ሁሉ ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳይነሱማ!"

ሁሉም መልስ ጨዋ ነው። አንዱንም "ተሳስተሃል" የምትይው የለም። እኔም በወረቀት ጽፌ ብሰጥሽ "የወሰን ሕዝብ በጣም ይከባበራል" የሚል ጥናት ይወጣሽ ነበር፣ ተጨብጭቦልሽ ትመረቂ ነበር።

ከዚያ መብራት ያለበትን ቀን ጠብቄ ባሮክ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ፍላሹን ከፈትኩ። አንቺ የሠራሽው ድንኳን መጣ፤ አግዳሚዎቹ፣ ነጥቦቹ፣ ከጎን ደግሞ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚሞላው፦ ማንን ያያል? ማን ሲነሳ ይነሳል? እህቴ፣ እንደዚያ የሚያናድድ ጥያቄ አይቼ አላውቅም። እኔ "ሰው ታላቁን ያከብራል" ብዬ ላልፍ ነበር፣ ማሽኑ ግን የትኛውን ታላቅ፣ ምን ያህል ካላልሽው ንቅንቅ አይልም። የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን እንዲህ ጠይቆን አያውቅም፤ "መከባበር ባህላችን ነው" ብለን ከጻፍን ሙሉ ማርክ ነው። እኔም እንግዲህ ወግ ይቅርና የሰማሁትን አስገባሁ። ቢጫው አባባ አረንጓዴውን ይጠብቃል። አረንጓዴው ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ቢጫውን ይጠብቃሉ። የቀረው ሕዝብ ሁለቱን ይጠብቃል። ጀምር አልኩት።

ተቀመጡ። በኮምፒውተሩ ሰዓት መሸ፣ ነጋ፣ አርባው ወጣ፤ ነጥቦቹ ተቀምጠዋል። ባሮክ ከምሳ ተመልሶ "ይሄ ተበላሽቷል እንዴ?" አለኝ። "አይ፣ ለቅሶ ላይ ናቸው" አልኩት። ሙት ዓመቱም ሳይደርስ አይቀርም፤ እንደተቀመጡ መብራት ሄደባቸው።

በጨለማው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ እትዬ ፈትለወርቅን አስታወስኩ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ለአንቺ ነግረውሽ ይህን ርዕስ ያስያዙሽ እሳቸው አይደሉ? "ሰዉ እስኪሄድልኝ ስጠብቅ፣ ሻይ ሲጠጣ ሳስተናግድ፣ ማልቀሱ አመለጠኝ" ያሉሽ። ክፉ ሰው ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ሁሉም ለእሳቸው አዝኖ፣ ሁሉም ሌላውን አክብሮ ነው የተቀመጠው። ይህንን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በመጠየቅ አታገኚውም፤ መልሶቹን አንድ ድንኳን ውስጥ አብረሽ ስታስቀምጫቸው ነው የሚወጣው። አንቺ በስልክ ስትገልጪልኝ አዛጋሁብሽ፣ አሁን ግን ገባኝ። አዛጋሁ ያልኩትን ግን ጥፋት ብለሽ አትቁጠሪብኝ፤ ከትምህርት ቤት መምጣቴ ነበር።

የቀረው አባባን ማሳየት ነበር። አንድ ቅዳሜ የመንገድ ምልክቶች ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ወደ ባሮክ ቤት መጣ። "አባባ፣ እንደነገርከኝ ሰው ጠየቅኩ" ብዬ አስቀመጥኩት። ቢጫው እሱ እንደሆነ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ "እኔ እንዲህ አጭር ነኝ?" አለ። ከዚያ ወደ አቋሙ ተመለሰ፤ ሰው ነጥብ አይደለም። "አንተስ ለተማሪዎችህ የመገናኛን አደባባይ በእንጨት ሠርተህ፣ የክብሪት ቀፎ መኪና እየነዳህ አይደል የምታስተምረው?" አልኩት። "ያ ሌላ ነው፣ ያ መኪና ነው።" "መኪናው ውስጥ ማን አለ?" ባሮክ የሚያትመውን ትቶ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ። "እውነተኛው አደባባይ ላይ ሰው እየገጩ ከመማር ክብሪቱ እንዲጋጭ ብለህ አይደል?" አልኩት። "ፍሬን ያዢ" አለኝ፤ ግን አልተነሳም።

ያኔ ዋናውን ጥያቄ አመጣሁ፣ ራሱ ለተማሪዎቹ የሚሰጠውን። "አራት መኪና እኩል መስቀለኛ መንገድ ላይ ቢደርስና ሁሉም 'እርስዎ ይለፉ' ብሎ ቢቆም ማን ያልፋል?" አስተማሪ መሆን ደስ ይለዋል አይደል? ጣቱን ቀስሮ "ማንም! ሁሉም ሕግ አክባሪ፣ መንገዱ ግን ዝግ። አንዱ ለሌላው ምልክት ሰጥቶ…" ብሎ መሃል ላይ ቆመ። ስክሪኑን አየ። ቢጫውን አየ፣ አረንጓዴውን አየ። ባሮክ በማተሚያው ድምፅ ተከልሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የባሮክን ደንበኞች ማን ያስተናግድ? አባባ ወንበሩን ሳበና መፍትሔ ያዝዝ ጀመር። መጀመሪያ "በእድሩ ስም ማስታወቂያ ይነገር፤ ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ይነሳ" አለ። አስገባሁት። ሁሉም ሰማ፣ ሁሉም ሁለቱን አየ፣ ሁሉም ተቀመጠ። "አንቺ ቅድሚያ ተነሺ እስቲ" አለ። ራሴን ትንሽ ቀይ ነጥብ አድርጌ ተነሳሁ፤ ማንም አልተከተለኝም፤ ልጅ ከድንኳን ከወጣች ሽንቷ ነው የሚባለው። በመጨረሻ ሁለቱን ነጥቦች፣ ሁልጊዜ በድንኳኑ ሁለት ጫፍ የሚቀመጡትን፣ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸውና "አብረው ይነሱ" አልን። ተነሱ። ድንኳኑ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፈሰሰ።

አባባ ግን በቀላሉ የሚረታ መሰለሽ? "ማሽኑ ጋሽ ወልደ ኢየሱስን አያውቃቸውም" አለ። "ይህ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ድንኳን ተተክሎ ነው። ድንኳን እንዲተከል ሰው መሞት አለበት።" "ለዚህ እኮ ነው በኮምፒውተር የምትሞክረው፤ ለሙከራ ብላ ማንን ትግደል?" አልኩት። ባሮክ የራሱን የቤት አከራይ ስም ጠራ። አባባ ሁለታችንንም ገሠጸን፤ ፎቶ ኮፒውንም ረስቶ ሄደ።

ሰው የሚሞተው ግን እኛን ሳያማክር ነው። በሳምንቱ እማማ ወርቅአየሁ አረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተው ነው። ልጃቸው ሥርጉት ግን እናቷን ብቻዋን ስታስታምም የኖረች ናትና በጣም ተጎዳች። ቤታቸው ሽቅብ ወደ እንጦጦ ባህር ዛፉ ሥር ስለሆነ ድንኳኑ ከዳገቱ የአፈር ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተተከለ። በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ጢም አለ። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ሊያስተካክሉ ከፍ ሲሉ ሰው ሁሉ ከፍ ይላል፤ መልሰው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ይቀመጣል፤ የሚያሰግዱን ነው የሚመስለው። ሥርጉት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ደርቋል፣ ለመጣ ሁሉ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። አንገቷን መሸከም አቅቷት ነበር።

አባባ ያን ጊዜ ከጫፉ ተነሳ። ሰው ሁሉ ሊሄድ ነው ብሎ ጫማውን በእግሩ ፈለገ። እሱ ግን አግዳሚዎቹን አቋርጦ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ጎን ተቀመጠ። ጋሼ ደነገጡ፤ ጠብ የመጣ ነው የመሰላቸው። እኔ ከሻይ ማቅረቢያው አጠገብ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ፤ "ጋሼ፣ ሥርጉት ደክሟታል። አብረን ብንነሳስ?" አላቸው። እሳቸውም በረጅሙ ተንፍሰው "እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። እርስዎን እኮ ነው የምጠብቀው" አሉ። "እኔ ደግሞ እርስዎን!" እጅ ለእጅ ተያይዘው ተነሱ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉ፣ ድንኳኑ ሙሉ ተነሳ። እህቴ፣ ነጥቦቹ ሥጋ ለብሰው ሲነሱ ያየሁ ያህል ነው፤ ብርጭቆ ይዤ ባልሆን አጨበጭብ ነበር።

ደስታዬ ግን በር ድረስ ብቻ ነበር። በአፈሩ ግድግዳ ምክንያት ድንኳኑ ያለው አንድ ጠባብ በር ነው። ሁለቱ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። "ይቅደሙ።" "ኧረ አይገባም፣ እርስዎ ይቅደሙ።" "ዳኛ እያለ?" "እንግዳ እያለ?" "በእግዜር!" "በሞቴ!" ከኋላ ሕዝቡ በሙሉ አንገቱን ሸራ ሥር አቀርቅሮ ቆመ። ዝናቡ ደግሞ ከእንጦጦ ወረደ። በመጨረሻ እትዬ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አደግድገው የሸራውን ጠርዝ በእጃቸው አነሱና ከሥሩ ሾልከው ወጡ፤ ከውጭ ሆነው "እናንተ ተከባበሩ፣ እኛ ቤታችን እንሂድ" አሉ። ሰው ሁሉ በየሸራው ሥር ሲሾልክ ሥርጉት አየች። መጀመሪያ ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ተገለበጠና ለቅሶዋ መጣ። ሰው ሁሉ ሄዶላት፣ ልጆቿን አቅፋ፣ እናቷን እንደሚገባ አለቀሰች። እኔም ብርጭቆዎቹን አስቀምጬ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

አባባ ረጥቦ ቤት ገባ። እራት ላይ፣ ሳይጸልይ በፊት ነው የምልሽ፣ "የጵርስቅላ ድንኳን በር የለውም" አለ። "በር የሌለው ድንኳን ምን ድንኳን ነው? ሁለት ሰው በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አላሰበችም። ይህን ሳታርም ለፕሮፌሰር ብታሳይ ታሳፍረናለች። መጥታ አይታ ታስተካክል" አለ። እማዬ "ፈቀድክላት ማለት ነው?" ብትለው፣ "እኔ ምን ፈቀድኩ? ስህተቷን ታርም ነው ያልኩት" አለ። በአባባ ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እማዬ ፊቷን አዙራ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ።

የፈቃዱ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ማን ቅድሚያ ይፈርም በሚለው ባሮክ ሊያብድ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ሁለት እስክሪብቶ ሰጥቶ እኩል አስፈረማቸው። ስለዚህ ርዕስሽን አትቀይሪም፣ ዓመትሽም አይቃጠልም። ለፕሮፌሰርሽም ከእኔ ንገሪልኝ፤ ማሽኑ የነገርነውን እንጂ ያልነገርነውን አያውቅም፣ በሩን ስላልነገርነው በሩ ላይ ተሸነፈ። ግን በር እንደጎደለን ያወቅነው ማሽኑ ከእውነተኛው ድንኳን ጋር ያልገጠመበትን ቦታ ስላየን ነው። ያለ እሱ ዝናብ መታን ብለን ብቻ ቤታችን እንገባ ነበር።

አሁን መብራት ባለ ቁጥር አባባ እዚህ ባሮክ ቤት ነው። በር አስገባ፣ ዝናብ አስገባ፣ ትናንት ደግሞ "ጫማው የጠፋበት ሰው" ካልተጨመረ አለ። ጋሽ ወልደ ኢየሱስም አንድ ቀን መጥተው አረንጓዴያቸውን አዩና፣ "ጋቢ የለኝም እንዴ?" ብለው ቅር አላቸው።

እማዬ በጣም ናፍቃሻለች፣ ፀጉርሽን እንዳትቆረጪ ትልሻለች። ባሮክ ሰላም ይልሻል፣ ኮምፒውተሩን መልሱልኝ ይላል። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ ብለዋል። እትዬ ፈትለወርቅ ጉንጯን ሳሚልኝ ብለዋል፤ ቅዱስን ግን አላዘዝኩትም። ሥርጉትም ስትመጪ ቤቴ ትምጣ ብላለች። አባባ ደግሞ ሰላምታዬን ለብቻዬ እጽፋለሁ ብሏል።

ይህን ስጽፍልሽ ባሮክ ቤት ሆኜ ፊዚክስ አጠናለሁ ብዬ ነው። ከጎኔ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ አዲስ ነገር እየሄደ ነው፤ የእኛን ቸርች አስገብቼ፣ አባባ ጸሎት ሲመራ ምእመኑ ዓይኑን መቼ መግለጥ እንደሚጀምር እየፈተሽኩ ነው። እስካሁን ሁሉም ጨፍኗል፣ የፊተኛው ረድፍ እንቅልፍ ወስዶታል፣ "አሜን" ግን አልመጣም። ከኋላዬ የፎቶ ኮፒው ድምፅ ቆመ። አንድ ሰው መነጽሩን እየጠረገ፣ "ይሄ ፊት ላይ ቆሞ የማያበቃው ማነው?" ይላል። አሁን ደግሞ እያነበበ ነው። አሁን…

"ሳምራ ኤጀታ!"

ሲግናል፣ አዲስ አበባ
ሰኔ ፲፫ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.